ፋሲል ግንብ በኮምፔርሳቶ ሳጥን ውስጥ

ጥቅምት 23

መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ፎቶ ቤት ያለ መብራት ባንኮኒና ወንበር ብቻ ነው። ደንበኛ አንገቱን ብቅ ያደርግና «የለም እንዴ?» ብሎ ይመለሳል። ሥራ ስፈታ በስክሪብቶ መጫወት ጀመርኩ። ስክሪብቶውን በግራ እጄ ክንዴን ዘርግቼ ያዝኩ። አንድ ዓይኔን ዘጋሁ። ከዚያ ክዳኑን በቀኝ እጄ ከጎን አምጥቼ ለመክደን ሞከርኩ። ሳትኩ። ደገምኩ፤ አሁንም ሳትኩ። ሁለቱንም ዓይን ስገልጥ ግን ወዲያው ገባ። ቤት ውስጥ ሞክሩት። ክዳኑ ከፊት ሳይሆን ከጎን መምጣት አለበት፤ አለበለዚያ ማጭበርበር ነው።

በዚህ መሀል አጎቴ ጉርድ ፎቶ ሊነሱ መጡ። አናጢ ናቸው። የግራ ዓይናቸው ከልጅነት ጀምሮ ደካማ ነው፤ ብርሃንና ጥላ ይለዩበታል እንጂ ፊደል አያነቡበትም። ምን እንደማደርግ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ስክሪብቶውን ተቀብለው በመጀመሪያው ሙከራ ከደኑት። ዕድል ነው አልኩ በልቤ።

ማታ ስልኬ ላይ ሳነብ አመሸሁ። ልጅ ሳለሁ ጎረቤታችን ቤት አንዲት ቀይ የፕላስቲክ መጫወቻ ነበረች። ዓይን ላይ ደግነው በስተቀኝ ያለውን እጀታ ጫን ሲያደርጉት ስዕሉ ይቀያየራል። ስዕሉ ደግሞ እንደ ሌላው ስዕል አይደለም፤ ዛፉ ፊት፣ ተራራው ኋላ። ቪው-ማስተር እንደምትባል ያወቅሁት ዛሬ ነው። እንደዚያ ያለ ነገር ለጎንደር ለምን አይኖርም? ጥምቀት እየመጣ ነው። እንግዳ ይመጣል፣ ፖስትካርድ ይገዛል። እኔ ደግሞ ግንቡን ከነጥልቀቱ የሚያሳይ ካርድ እሠራለሁ። ይኼው፣ ማስታወሻ መያዝ ጀመርኩ።

ጥቅምት 25

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ ነው። ሁለቱ ዓይኖቻችን በስድስት ሴንቲሜትር ምናምን ይራራቃሉ። ስለዚህ አንዱ የሚያየው ከሌላው ትንሽ ይለያል። አውራ ጣታችሁን ፊታችሁ አቁሙና ዓይናችሁን እያፈራረቃችሁ ጨፍኑ፤ ጣቱ ከኋላው ባለው ግድግዳ ላይ ወዲያና ወዲህ ይዘላል። ጭንቅላት ያንን ዝላይ ተቀብሎ «ይህ ቅርብ ነው፣ ያ ሩቅ ነው» ብሎ ይተረጉመዋል። በጣም ሲዘል ቅርብ፣ እምብዛም ሳይዘል ሩቅ።

ቻርልስ ዊትስቶን የተባለ እንግሊዛዊ ይህን ገልብጦ አሰበው። ለእያንዳንዱ ዓይን የየራሱን ስዕል ብንሰጠውስ? በ1838 እ.ኤ.አ. በሁለት መስታወት የሚሠራ መሣሪያ ይዞ ቀረበ፤ ስቴሪዮስኮፕ አለው። የሚገርመው ፎቶግራፍ ገና ለሕዝብ ይፋ አልሆነም ነበር፤ ያ የሆነው በ1839 ነው። ዊትስቶን የተጠቀመው በእጅ የተሣሉ መስመሮችን ነው። ከዚያ ዴቪድ ብሩስተር በሌንስ ሠራው። በ1851 የለንደኑ ትልቅ ኤግዚቢሽን ላይ ንግሥት ቪክቶሪያ አይታ ወደደችው፤ ከዚያ በኋላ ገበያው ደራ።

እኔን የሚመለከተኝ ግን ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ ነው። አሜሪካዊ ሐኪም ነበር። በ1861 አካባቢ ቀላል የእጅ ስቴሪዮስኮፕ ሠራና ሆን ብሎ ፓተንት ሳያወጣበት ተወው፤ ማንም ይሥራው ብሎ። እንግዲህ ፈቃዱ ከተገኘ ዘንዳ።

ጥቅምት 27

አራዳ ገበያ ሌንስ ፍለጋ ዋልኩ። መጀመሪያ የንባብ መነጽር አሰብኩ። አይሆንም። መነጽሩ ላይ +3 ከተጻፈ መቶን ለ3 አካፍሉ፤ 33 ሴንቲሜትር ያህል ይመጣል። ሌንሱ ብርሃን የሚሰበስበው እዚያ ርቀት ላይ ነው። ካርዱም የሚቀመጠው እዚያው አካባቢ ስለሆነ፣ ሳጥኔ እንግዲህ የጫማ ሳጥን ሳይሆን የክራር ማስቀመጫ ሊሆን ነው። በመጨረሻ ሁለት ተመሳሳይ አጉሊ መነጽር አገኘሁ፤ ልጆች ጉንዳን የሚያቃጥሉበት ዓይነት።

አለካኩ ደስ ይላል። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ ነጭ ወረቀት ለጥፌ ሌንሱን ወደፊትና ወደኋላ አደረግኩት። አንድ ቦታ ላይ የውጪው መንገድ ተዘቅዝቆ ወረቀቱ ላይ ቁጭ አለ፤ ባጃጁ በጣራው ቆሞ ይሄዳል። ከሌንሱ እስከ ወረቀቱ 18 ሴንቲሜትር። ሁለተኛውም 18። ተመሳሳይ መሆናቸውን ሻጩ ምሎልኝ ነበር፤ እኔ ግን ለካሁ።

መስታወት ፊት ቆሜ በማስመሪያ የዓይኔን ርቀት ወሰድኩ፦ 61 ሚሊሜትር። የአብዛኛው ትልቅ ሰው 63 አካባቢ ነው። የሌንሶቹን መሀል በ63 አደርጋለሁ።

ኅዳር 1

የመጀመሪያው ካርድ ውድቀት ነው።

ከሱቁ በር ላይ ቆሜ መንገዱን በስልኬ ሁለት ጊዜ አነሳሁ፤ አንዱን ቆሜ፣ ሁለተኛውን ክብደቴን ወደ ቀኝ እግሬ አዛውሬ። ይህ ስድስት ሰባት ሴንቲሜትር ይሰጣል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ 10 በ15 ወረቀት ላይ አተምኩ። ወረቀቱን ልሙላው ብዬ እያንዳንዱን ፎቶ 7.5 ሴንቲሜትር አደረግኩት። ሌንሶቹን በካርቶን ይዤ አየሁ። መጀመሪያ ሁለት መንገድ። ከዚያ በግድ ተገናኙ፣ ከዚያ ተለያዩ፣ ከዚያ ግንባሬ ላይ ምስማር የተመታ መሰለኝ። ቡና ጠጥቼ እስኪለቀኝ ቆየሁ።

ስህተቱ ገብቶኛል። ሩቅ ስናይ ዓይኖቻችን ትይዩ ናቸው፤ ቅርብ ስናይ ወደ አፍንጫ ይዞራሉ። ወደ ውጭ የሚገለጡበት ጊዜ ግን የለም። እኔ ደግሞ በሁለቱ ፎቶ ላይ የሚገኘውን አንዱን ሩቅ የስልክ እንጨት በ7.5 ሴንቲሜትር አራርቄ፣ በ61 ሚሊሜትር የሚራራቁ ዓይኖቼን «ወደ ውጭ ዙሩ» አልኳቸው። የፎቶውን ስፋት ወደ 6.2 ቀነስኩት። ጎንና ጎኑ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ይቅር።

ሌላም አለ። ሁለተኛው ፎቶ ከመጀመሪያው በትንሹ ከፍ ብሎ ነበር። በግራና በቀኝ ያለ ልዩነትን ዓይን ይወደዋል፤ ምግቡ ነው። የላይና የታች ልዩነትን ግን አይታገስም። አንድ ሚሊሜትር እንኳ ይሰማል። ስለዚህ በእጅ ማንሳት ቀረ።

በድጋሚ አተምኩ። በመጀመሪያ ምንም። ከዚያ እንዲሁ ዝም ብዬ ሳይ ስዕሉ ተከፈተ። ሌላ ቃል የለኝም፤ በር እንደሚከፈት። የሱቃችን ታፔላ ከፊት ተንጠልጥሎ፣ ከኋላው አየር፣ ከአየሩ ኋላ መንገዱ። ብቻዬን «እንዴ!» ብዬ ጮህኩ። አንድ ነገር ግን ያስቃል። በሁለቱ ፎቶ መሀል አንዲት አህያ እንጨት ጭና አልፋ ነበር። ያለችው በቀኙ ብቻ ነው። በሳጥኑ ሲታይ መንፈስ ሆናለች፤ አንዴ አለች፣ አንዴ የለችም፣ ግድግዳው ደግሞ በሆዷ ውስጥ ይታያል።

ኅዳር 3

አጎቴ ቤት። ጓሮ ያለችው ወርክሾፓቸው ውስጥ ገብቼ የፈለግሁትን በወረቀት ሣልኩላቸው። ሁለት ነገር ነው፤ ሳጥንና ሐዲድ። ሳጥኑ ከስስ ኮምፔርሳቶ፣ ከፊት ሁለት ቀዳዳ፣ መሀሉን የሚከፍል ግድግዳ። የግራ ዓይን ወደ ቀኙ ፎቶ እንዳያጮልቅ አጥር ያስፈልገዋል፤ ጎረቤት ማየት የሚወድ ዓይን ነው። ሐዲዱ ደግሞ ስልኬ ሳይዘነብል ከግራ ወደ ቀኝ የሚንሸራተትበት ጣውላ ነው፤ ርዝመቱ ከሜትር በላይ፣ በየሴንቲሜትሩ ምልክት የተደረገበት።

አጎቴ ጣውላውን አንስተው ወደ ዓይናቸው አስጠጉና አንጋደው አዩት። ቀጥ ማለቱን የሚያዩት እንዲህ ነው። «አየሽ፣» አሉኝ፣ «ሁለት ዓይን ያለው አናጢም ይህን ሲያይ አንዱን ይዘጋል። እኔ መዝጋቱ ቀረልኝ እንጂ ምን ጎደለኝ?» መላጊያውን አነሱ።

በዚያው ቀን ማታ ሳጥኑ አለቀ። ካርዱ ከሌንሱ ከ18 ሴንቲሜትር ትንሽ ጠጋ ብሎ የሚገባበት ቦይ አለው። የአህያዋን ካርድ አስገብቼ ሰጠኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩ። «ግሩም ነው፣» አሉ። ሳጥኑን መለሱልኝና ወደ መጋዛቸው ዞሩ።

ኅዳር 8

ፋሲል ግቢ። ሐዲዱን በጀርባዬ አንግቤ ስገባ ጥበቃው «መሬት ልትለኪ ነው?» አለኝ። ፎቶ እንደሆነ አስረዳሁት። አላመነኝም፤ ግን አስገባኝ። ከዚያም ሥራዬን እስክጨርስ አልተለየኝም።

አፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት በ1636 እ.ኤ.አ. ነው። የእሳቸው ግንብ በአራቱ ማዕዘን ክብ ማማ አለው፤ በየማማው አናት ላይ እንደ እንቁላል ያለ ጉልላት። ለጥልቀት የተሠራ ሕንፃ ነው ማለት ይቻላል፤ አንዱ ማማ ፊት፣ አንዱ ኋላ፣ ደረጃው ከጎን። ከ30 ሜትር ያህል ላይ ቆምኩ። መጀመሪያ በዓይን ልክ 6.5 ሴንቲሜትር አንሸራትቼ አነሳሁ። ከዚያ 30 ሴንቲሜትር። ከዚያ አንድ ሜትር።

ማታ አትሜ አየሁ። በ6.5 የተነሳው ከንቱ ነው። ሳሩ ጥልቀት አለው፤ ግንቡ ግን ሳሩ መጨረሻ ላይ የቆመ ካርቶን ይመስላል። የማየት ችግር አይደለም፤ እውነቱ ነው። በሁለት ዓይን የምናገኘው ጥልቀት በርቀት ቶሎ ይሟጠጣል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ልንለየው የምንችለው ትንሹ የጥልቀት ልዩነት በአራት እጥፍ ያድጋል። ጠረጴዛ ላይ ያለን ስኒ በሚሊሜትር የሚለይ ዓይን፣ 30 ሜትር ላይ ሲደርስ ያን ያህል አይረዳም። እዚያ ላይ ሌላ ነገር ነው የሚያግዘን፦ የቱ የቱን ጋረደ፣ የቱ አነሰ፣ ጥላው የት ወደቀ። ከጎሃ ኮረብታ ላይ ሆናችሁ ወደ ጣና አቅጣጫ ስታዩም እንዲሁ ነው። የሩቁ ተራራ ሩቅነቱ የሚታወቀው ሰማያዊ ቀለም ስለለበሰ ነው። በመሀል ያለው አየር ነው ያለበሰው። ሁለተኛ ዓይን እዚያ ሥራ ፈት ነው።

በአንድ ሜትር የተነሳውስ? ጥልቀቱ ሞልቶ ፈሰሰ። ማማዎቹ ተራ በተራ ወደፊት ወጡ፣ ጉልላቱ ክብ ሆነ። ነገር ግን ግንቡ መጫወቻ ሆነ! ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ፣ በእጅ የሚነሳ፣ የሠርግ ኬክ የሚያህል ፋሲል ግንብ። ሱቅ የሚያግዘኝ ልጅ አየውና «ማነው በጭቃ የሠራው?» አለኝ። ምክንያቱን ሳስበው ጭንቅላት ልክ ነው። የለመደው በስድስት ሴንቲሜትር የሚራራቅ ዓይን ነው። ይህን ያህል ልዩነት የሚያገኘው ከትንሽና ከቅርብ ነገር ብቻ ነው። አንድ ሜትር የሚራራቅ ዓይን ያለው ግዙፍ ፍጥረት ጎንደርን ቢያይ እንዲህ ነው የምታንስበት።

ለጀማሪ የሚነገር አንድ ደንብ አለ፦ ከፊት ያለውን የመጀመሪያ ነገር ርቀት ለ30 አካፍሉ። 3 ሜትር ላይ ያለ ሰው ከሆነ 10 ሴንቲሜትር። 30 ሜትር ላይ ያለ ግንብ ከሆነ አንድ ሜትር። የኔም ቁጥር ከዚያ የመጣ ነው። ደንቡ ጥልቀት ይሰጣል፤ ግዝፈት ግን ይቀማል። እኔ 30 ሴንቲሜትሩን መረጥኩ። ማማዎቹ ይለያያሉ፣ ግንቡም ግንብ ነው።

ኅዳር 11

ለፋሲል ካርዶች ግራና ቀኙን አቀያይሬ ለጠፍኩ። እንቅልፍ ነው። ግን ጥሩ ስህተት ነበር። የግንቡ በር እንደ አፍንጫ ወደ ውጭ ወጣ። ክቡ ማማ ሰርጓዳ ሆነ። ሰማዩ ከፊት ቀርቦ፣ ግንቡ በሰማዩ ቀዳዳ ውስጥ ይታያል። ሆድ የሚያላውስ ነገር ነው፤ አሥር ጊዜ አየሁት።

ከዚያ አንድ የሰው ካርድ ሆን ብዬ ገለበጥኩ። ሱቅ የሚያግዘኝን ልጅ ግድግዳ አስደግፌ ያነሳሁትን። ግድግዳው ወደፊት መጣ፤ ፊቱ ግን አልተገለበጠም! አፍንጫው አፍንጫ ሆኖ ቀረ። ዓይኖቼ «ይህ ጉድጓድ ነው» እያሉ ይመሰክራሉ፤ ጭንቅላቴ ግን «ጉድጓድ ፊት አላውቅም» ብሎ ምስክሩን ጣለው። የፊት ጭንብልን ከውስጥ በኩል ራቅ ብላችሁ ብታዩትም ይኸው ነው፤ የጎደጎደው ፊት የወጣ ይመስላል። እንግዲህ ሁለት ዓይን የመጨረሻው ዳኛ አይደለም ማለት ነው።

ኅዳር 14

ደብረ ብርሃን ሥላሴ። ዛሬ ካሜራ አልያዝኩም። የአፄ አድያም ሰገድ ኢያሱ ደብር። ልጅነቴን ሙሉ ጣራውን አንጋጥጬ ያየሁት ነው፤ ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች፣ ረድፍ በረድፍ፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው። እናቴ «የትም ብትቆሚ ያዩሻል፤ አርፈሽ ቁሚ» ትለኝ ነበር። ዛሬ እየተዘዋወርኩ ፈተንኩት። እውነቷን ነው፤ ያዩኛል።

ለምን እንደሚያዩኝ የገባኝ ግን ከዚህ ሳጥን በኋላ ነው። የቆመ ሰው ወደኔ እያየ ነው እንበል። ወደ ጎን ብሄድ ጉንጩ ይመጣል፣ አፍንጫው ሌላኛውን ዓይን መጋረድ ይጀምራል፣ ብሌኑ ወደ ጥግ ይሸሻል። አሁን እኔን እንደማያይ አውቃለሁ። ጣራው ላይ ያለው ፊት ግን ጠፍጣፋ ነው። አንዱ ነገር ሌላውን አይጋርድም። የትም ብሄድ ብሌኑ ከመሀል አይንቀሳቀስም። መልአኩ የሚከተለኝ ጥልቀት ስለሌለው ነው። ሥዕል መሆኑ ቀርቶ ከእንጨት የተፈለፈለ ፊት ቢሆን ኖሮ ፊት ለፊቱ ከቆመ ሰው በቀር ሌላ አያይም ነበር።

«የኛ ሠዓሊዎች ጥልቀት አያውቁም ነበር» የሚል ሰው ብዙ ሰምቻለሁ። አልስማማም። የጎንደርን አሣሣል ያጠኑ ሰዎች ለሁለት ይከፍሉታል። የመጀመሪያው ደማቅና ንጹሕ ቀለም፣ ጥርት ያለ መስመር፣ ጠፍጣፋ ነው። ሁለተኛው፣ በ18ኛው መቶ ዘመን በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ያበበው፣ ፊቱን በጥላ ያሞላዋል፤ ጉንጩ ዳር ላይ ይጠቁራል፣ መሀሉ ላይ ይበራል፣ አንገቱ ይከብባል። ያ ማሞላት ጥልቀት ነው፤ ለዚያውም አንድ ዓይን የሚበቃው ጥልቀት። የሰውን መጠን ግን ለርቀት አላስገዙትም። ጌታ ትልቅ ነው፣ ወታደሩ ትንሽ ነው። ከኋላ ስለቆመ አይደለም፤ ወታደር ስለሆነ ነው።

ማታ ይህን ለአጎቴ ሳወራ የሚያውቁትን ጨመሩልኝ። ጻድቅ በሁለት ዓይን ይሣላል፤ ሰይጣንና ወገኖቹ በጎን ናቸው፣ በአንድ ዓይን። «እኔ እንግዲህ በየት በኩል ልቆም ነው?» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ደግሞ መሳቄ ትንሽ ከነከነኝ።

ኅዳር 17

አናግሊፍ ሞከርኩ፤ ቀይና ሰማያዊ መነጽር የሚደረግበት። ሳጥን አይፈልግም፣ በትልቅ ወረቀት ይታተማል። የግራው ፎቶ በቀይ፣ የቀኙ በአረንጓዴና በሰማያዊ ተደርጎ ይደራረባል፤ ቀይ ሌንስ ግራ ዓይን ላይ። መነጽሩን ከስጦታ መጠቅለያ ፕላስቲክ ሠራሁ። አንድ ድርብ ሲሆን ሌላው ፎቶ እንደ ጥላ ይታያል፤ ሦስት ድርብ ሲሆን ጥላው ይጠፋል፣ ብርሃኑም አብሮት።

ችግሩ ጥበብ ላይ መጣ። ቀይ ጥለት ያለው ነጠላ የለበሰች ሴት አንስቼ ነበር። ጥለቱ በቀይ ሌንስ ሲታይ ነጭ፣ በሰማያዊው ሲታይ ጥቁር። ጭንቅላቴ መወሰን አቅቶት ጥለቱ ይርገበገባል። ፎቶውን ጥቁርና ነጭ ሳደርገው ተረጋጋ። ታዲያ በጥምቀት ቀን፣ ያ ሁሉ ቀለምና ያ ሁሉ ጃንጥላ ባለበት፣ ጥቁርና ነጭ ምን ያደርግልኛል? አናግሊፍ ቀረ።

ኅዳር 21

የፋሲል መዋኛ። እስካሁን የሠራሁት ምርጥ ካርድ ይኼ ነው።

ገንዳው ደረቅ ነው። ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ውኃ እስኪገባበት ባዶውን ይጠብቃል። ደረቅ መሆኑ ጠቀመኝ፤ ውኃ ሲኖር ነጸብራቁ በሁለቱ ፎቶ መሀል ይቀያየራል። ቅጠል የሚያወዛውዝ ነፋስ ሳይነሳ ልጨርስ ብዬ በማለዳ ሄድኩ። ያነሳሁት ሕንፃውን አይደለም። ዙሪያውን ባለው የድንጋይ አጥር ላይ የዛፎቹ ሥሮች ወርደዋል፤ ድንጋዩን እንደ ጣት ጨብጠውት። ከሁለት ሜትር ላይ፣ በ6.5 ሴንቲሜትር። ለ30 ብታካፍሉት እዚያው አካባቢ ነው፤ የዓይን ልክ።

ሐዲዱ ላይ ስልኩን ሳንሸራትት ወደ ውስጥ አላዞርኩትም። ቀደም ሲል ሁለቱም ፎቶ ወደ አንድ ነጥብ እንዲያይ ትንሽ አዞረው ነበር፤ ዓይንም ወደ አፍንጫ ይዞር የለ? ግን ሲታተም አንዱ በግራ ይሰፋል፣ ሌላው በቀኝ ይሰፋል፤ ጥጉ ላይ የላይና የታች ልዩነት ይፈጠራል። ትይዩ አንስቶ በኋላ ጠርዙን መቁረጥ ይሻላል።

በሳጥኑ ሳየው እጄ ሳላዝዘው ተነሳ፤ ሥሩን ሊይዝ። ከሥሩና ከድንጋዩ መሀል ያለው ክፍተት ይታያል። እዚያ ክፍተት ውስጥ አንድ የደረቀ ቅጠል አለ። ሳነሳው አላየሁትም ነበር።

ኅዳር 22

ካርዱን ይዤ ወደ አጎቴ በረርኩ። አስገብቼ ሰጠኋቸው። አዩ። «ግሩም ነው፣» አሉ።

ያው ቃል። ያው ድምፅ። «ጋሼ፣ ቅጠሉ የት ነው ያለው?» አልኳቸው። «ቅጠሉማ… እዚያው ሥሩ ላይ።» «ከሥሩ ፊት ነው ከኋላ?» ሳጥኑን ዝቅ አደረጉት። «ልጄ፣ እኔ የማየው አንድ ፎቶ ነው። የቀኙን። ያን ቀንም ያው ነበር። ደስ ብሎሽ አይቼ ምን ልበልሽ?»

ይሉኝታ! ወደ ሦስት ሳምንት ገደማ። ሳጥኑን የሠሩት እሳቸው፣ ቦዩን በሚሊሜትር ያስተካከሉት እሳቸው፤ ያየው ግን ሌላ ሰው ሁሉ ነው። መጀመሪያ በሳቸው ተናደድኩ፤ ቆይቼ በራሴ። የግራ ዓይናቸው ነገር ማስታወሻዬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ተጽፏል። ሁለት ፎቶ የሚያዋህድ ጭንቅላት ሁለት ደህና ዓይን ይፈልጋል፤ ዓይን ከልጅነት ሲደክም ደግሞ ጭንቅላት በአንዱ መኖርን ይለምዳል። ይህን አንብቤዋለሁ። ከሳቸው ጋር ግን አላገናኘሁትም።

«ታዲያ ያን ቀን ስክሪብቶውን እንዴት ከደኑት?»

አሳዩኝ። ስክሪብቶ ስላልነበረ በመሮና በምስማር። ክንዳቸውን ዘረጉ፤ ከመክደናቸው በፊት ጭንቅላታቸው ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ በጣም በትንሹ ተንቀሳቀሰ። አንድ ጣት አይሞላም። ፊት ያለው ብዙ ይሄዳል፣ ኋላ ያለው ጥቂት። ሁለት ዓይን በአንዴ የሚያየውን እሳቸው በአንድ ዓይን ተራ በተራ ያዩታል። ሐዲዴ ላይ ስልኩን ሳንሸራትት የከረምኩት ይህንኑ ነው። አጎቴ ሐዲዱን አንገታቸው ላይ ይዘው ነው የሚዞሩት።

ኅዳር 23

ሌሊት አልተኛሁም። ሁለቱን የሥር ፎቶ ስልኬ ላይ ደራረብኩና በየተራ እንዲፈራረቁ አደረግኩ፤ በሰከንድ አምስት ጊዜ ያህል። መጀመሪያ ሁሉም ነገር ተንቀጠቀጠ፣ ባጃጅ ላይ ሆኖ እንደማየት። ከዚያ አንዱን ነጥብ፣ የወፍራሙን ሥር መሀል፣ በሁለቱም ፎቶ ላይ እኩል አጋጠምኩት። እሱ ቆመ። ከፊቱ ያለው ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ከኋላው ያለው ወደ ሌላው ይወዛወዛል። አንድ ዓይኔን ዘጋሁ። ጥልቀቱ አልጠፋም።

ጠዋት ስልኩን ለአጎቴ ሰጠኋቸው፤ ምንም አላልኩም። አዩ። ዝም አሉ። ስልኩን ወደ ፊታቸው አስጠጉ። «ቅጠሉ ከኋላ ነው፣» አሉ። «ሥሩ ድንጋዩን አይነካውም። እዚህ ጋ ጣት ያስገባል።»

«ግሩም ነው» አላሉም።

ኅዳር 26

አጎቴ ስልክ አይወዱም፤ ባትሪው ያልቃል፣ መብራት ይጠፋል። ስለዚህ ሌላ ሳጥን ጀምረዋል። ከውስጥ የሚሽከረከር ዘንግ አለው። ዘንጉ ላይ ካርዶቹ እንደ መጽሐፍ ገጽ ይቆማሉ፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ከውጪ ያለችውን እጀታ ሲያዞሯት ካርዶቹ ተራ በተራ ይወድቃሉ። ዛሬ ስደርስ ዘንጉ ገና አይሽከረከርም፤ ሁለተኛው ካርድ ቦዩ ላይ ይያዛል። በብርጭቆ ወረቀት እየፈተጉት ነው። እኔ የታዘዝኩት ስምንት የሥር ፎቶ አትሜ እንዳመጣ ነው፣ አራት ግራ፣ አራት ቀኝ፣ በወፍራም ወረቀት።

ከፊት በኩል ቀዳዳው ተበስቷል። አንድ ብቻ ነው።